የማንም ያልነበረችው ግማሽ ሰዓት

ናጎያ ውስጥ፣ በወደቡ ሠፈር ያለው የነዋሪዎች አዳራሽ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎበታል። እሑድ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል የፊሊፒንስ ምግብ ትምህርት፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት የፊሊፒንስ ሙዚቃና ውዝዋዜ ትምህርት ይላል። ስለ መካከለኛዋ ግማሽ ሰዓት የሚናገረው ነገር የለም። ያቺ ግማሽ ሰዓት የማንም አልነበረችም። የኩሽናው ሰዎች በጓሮ በር ወጥተው እስኪያልቁ፣ የመድረኩ ሰዎች በፊት በር እስኪገቡ፣ ዓይን ለዓይን እንዳይገጣጠሙ ሲባል የተተወች ነበረች።

ማኅበሩ ዱሮ አንድ ነበር። ሁለት ፊሊፒናዊ ከተገናኘ ሦስት ማኅበር ያቋቁማል እየተባለ ይቀለድብናል፤ እኛ ግን ብዙ ዓመት በአንዱ ጸንተን ኖረናል። የተለያየነው በአንድ የገና ዝግጅት ላይ ነው። በዚያ ዓመት፣ ሁሉም ማንግ ሴቬሮ እያለ የሚያከብራቸው የሙዚቃ አስተማሪ ሚስታቸውን ቀብረው ነበር። ለእሷ የደረሱትን ዜማ፣ ባለ አሥራ አራት ክሯን ባንዱሪያ ታቅፈው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተጫወቱ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ የኩሽናዋ አዛዥ፣ ቲታ ማለትም አክስት እያልን የምንጠራት ቲታ ሚላ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብላ «ወገኖቼ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው» አለች። ሁለት መቶ ሰው ወንበሩን እየገፋ ተነሣ።

ማንግ ሴቬሮ ባንዱሪያቸውን በሳጥኗ ከተቱና «ሆዳም ሁላ» አሉ። ቲታ ሚላም «ሙዚቀኛም ይበላል» አለች። በዚሁ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤ ማኅበሩ ሁለት ሊቀመንበር፣ ሁለት ማኅተም፣ ሁለት በር አወጣ። ያንን ዜማም ከዚያ ወዲህ የሰማው የለም።

ኔልያ የቲታ ሚላ አንድ ልጅ ናት። ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ብቻዋን ያሳደገቻት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ። በሥራ ቀን አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ የእናቷ ቀኝ እጅ ናት። እናቷ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ይህቺ ልጅ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ሆዴ ውስጥ ረስታው ነው የወጣችው» ትላለች። እውነቷን ነው። ኔልያ ያሰበችውን ሳትናገር የምታድርበት ሌሊት ጥቂት ነው።

በጥቅምት ወር አንድ እሑድ የትልቁ ድስት ሩዝ ከሥሩ አረረ። ሌሎቹ በጓሮ በር ሲወጡ ኔልያ ቀርታ ድስቱን ትፍቅ ጀመር። ኩሽናውን ከአዳራሹ በሚለየው መስኮት በኩል የወንድ ድምፅ ሰማች።

«እሱን ልትደፊው ነው?»

ዞር ስትል ጥቁር ሳጥን ያነገተ ረጅም ወጣት ቆሟል። ዓይኑ ከእሷ ይልቅ ድስቱ ላይ ነበር።

«ምኑን?»

«ያረረውን። አገር ቤት ባታንጋስ ያለችው አያቴ ለእኔ ብቻ ነበር የምታስቀምጠው። እዚህ አገር ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ሩዝ የሚያሳርር ሰው አላገኘሁም። ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው የሚቀቅለው።»

«እንግዲያ እናቴን አመስግናት። አሳረርሽው ብለህ ፊት ለፊት ንገራት፣ ከቻልክ።»

«እናትሽ ማን ናቸው?»

«ቲታ ሚላ።»

ልጁ ሳጥኑን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «እኔ ደግሞ ዴልፊን ነኝ፤ የማንግ ሴቬሮ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ።

ኔልያ ማንኪያዋን ድስቱ ውስጥ እንደያዘች ቀረች። በአዳራሹ ሕግ ከሁለቱ አንዱ መውጣት ነበረበት። ፊቱን አየችው፤ እሱም አያት። የሚያፍር ፊት ነበረው፣ ግን ዓይኑን አልሰበረም። ያ ደስ አላት። በግድግዳው ሰዓት ላይ ሰባት ሊሆን ሃያ ሁለት ደቂቃ ይቀራል።

«ጨው ይነስነስበት?» አለችው።

«ትንሽ።»

ከዚያ እሑድ ወዲህ ሩዙ በየሳምንቱ ያር ጀመር። ዴልፊን በጊዜ ይመጣል፣ በክዳን ላይ ቀርቦለት ቆሞ ይበላል፤ በልቶ ሲጨርስ እጁን ይታጠብና ባንዱሪያውን ያወጣል። ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይሰማ በጣም ቀስ አድርጎ ነበር የሚመታት። ኔልያ ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ጣቶቹን ታያለች። በሥራ ቀን በመኪና ዕቃ ፋብሪካ ብረት የሚያነሡ ጣቶች ነበሩ፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል በጓሮ በር ስትወጣ የሰው ገንዘብ የሰረቀች ይመስል ልቧ ይደልቃል፤ ይህ ያናድዳት ነበር።

በጥር መጨረሻ አንድ እሑድ ሳይበላ ቆመ።

«ፋብሪካው በሚያዝያ ወደ ሂሮሺማ ሊያዛውረኝ ነው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሁልጊዜ ይመስለኛል።» ክዳኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ብቻዬን መሄድ አልፈልግም።»

«ይሄ ጥያቄ ነው ወይስ ወሬ?»

«ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄ ከሆነ እሺ።»

ዴልፊን ለረጅም ንግግር ተዘጋጅቶ ነበር መሰል፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀጥሎ ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እንደ አገራችን ይሁን ታዲያ። እናትሽን ላገልግል» አላት።

ይህ የአባቶቻችን ወግ ነው። ልጅቱን የሚፈልግ ወንድ ከቤተሰቧ ደጅ ሄዶ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፤ ትዕግሥቱ ይለካል። ኔልያ ብዙም አላመነችበትም። ግን በፊት በር ሊገባ መሆኑ ልቧን አሞቀው።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ኩሽናው ጢም ብሎ ሞልቷል። እዚሁ ተወልደው ከጃፓንኛ በቀር የማይቀናቸው ልጆቻችን፣ እነሱን ያመጡ እናቶች፣ የሠፈሩ ጃፓናውያን ሽማግሌዎች። ቲታ ሚላ በኮምጣጤ የሚበስለውን የሥጋ ወጥ፣ አዶቦን፣ እያስተማረች ነበር። «ኮምጣጤው ሳይፈላ ማንኪያ የሚያስገባ ሰው ከኩሽናዬ ይወጣል። ሳይፈላ ከነካችሁት ጥሬ እንደሆነ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብታነዱበት አይበስልም።» ይህን እየተናገረች ሳለ ዴልፊን ሽርጥ ታጥቆ ገባ።

«ቲታ፣ ላገለግል መጥቻለሁ።»

ስልሳ ሦስት ዓመቷ ሆኖ እስከ ዛሬ ቤቢ የምትባለው ቲታ ቤቢ ነጭ ሽንኩርቱን ከነሳህኑ ጣለችው።

ቲታ ሚላ እሳቱን ቀነሰች። ልጁን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ልጇንም አየች። «ምን ልትሠራልኝ? ውሃ ቧንቧ አለኝ። እንጨት እንዳትፈልጥልኝ ጋዝ ነው የማነደው።»

«ያለውን ሥራ ይስጡኝ።»

«ፈረሷ ላይ ውጣ።»

ፈረሷ ዝቅ ያለች የእንጨት መቀመጫ ናት። ጫፏ ላይ ጥርሳም ብረት አላት፤ እንደ ፈረስ ተፈናጠው ግማሹን ኮኮናት በብረቱ ላይ እያዟዟሩ ይፍቁባታል። ቲታ ሚላ በቆርቆሮ የታሸገ የኮኮናት ወተት ወደ ኩሽናዋ አስገብታ አታውቅም። አንድ ጆንያ ኮኮናት አስጎትታ እግሩ ሥር አደረገችለት። ዴልፊን ተፈናጦ ተቀመጠ። ልጆቹ እየሳቁ ከበቡት፤ እሱም «ቼ በለው» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ሁለት እሑድ እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው የብረቱ ጥርስ ሌባ ጣቱን ያዘው። ነጩ ኮኮናት ቀላ። ኔልያ ሮጣ በጨርቅ ስትጠቀልልለት የባንዱሪያውን መምቻ የሚይዝበት ጣት መሆኑን አየች። ማንግ ሴቬሮ ለፀደዩ ዝግጅት ልጃቸውን ብቻውን ሊያጫውቱ ወራት ሲያለማምዱት እንደከረሙ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቲታ ሚላም ታውቃለች።

«የእኛ ሥራ ደም አለበት። የእነሱ ጭብጨባ ብቻ ነው» አለች ቲታ ሚላ፣ ድስቷን እያማሰለች።

ኔልያ ለእናቷ መልስ አልሰጠችም። የሚያውቋት ሰዎች በዚህ ጊዜ መፍራት ነበረባቸው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ሰዎቹ በጓሮ በር ወጡ፣ እሷ አልወጣችም። የማንም ያልሆነችው ግማሽ ሰዓት አለቀች። ሰባት ሰዓት ሲሆን ማንግ ሴቬሮ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ሲገቡ ኔልያ አዳራሹ መካከል ሽርጧን እንደታጠቀች ቆማ አገኟት።

«ማንግ ሴቬሮ፣ ላገለግል መጥቻለሁ።»

የውዝዋዜ ልጆች የሚዘሉባቸውን ረጃጅም ቀርከሃዎች ተሸክመው የነበሩት ሁለት ሰዎች ቀርከሃውን ማውረድ አቅቷቸው ቆሙ። ማንግ ሴቬሮ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። እሷን ሳያዩ ለቀርከሃው የሚናገሩ ይመስል «ሴት አታገለግልም። የሚያገለግል ወንድ ነው» አሉ።

«ወንዱ ጣቱ ቆስሏል። ክር መቀየር አይችልም። እኔ እቀይራለሁ።»

«እናትሽ ነች የላከችሽ?»

«እናቴ እዚህ መሆኔን ብትሰማ ምሳዋ አይወርድላትም።»

በማንግ ሴቬሮ ጢም ሥር አንድ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰላት፤ ወዲያው ግን ጠፋ። በጥግ ወዳለው ቁም ሣጥን በአገጫቸው አመለከቱ። ክራቸው የዛገ ስምንት ባንዱሪያዎች፣ እያንዳንዳቸው አሥራ አራት ክር። ኔልያ መሬት ላይ ተቀመጠችና ጀመረች። አሮጌው ክር ሲፈታ እየተወነጨፈ ጣቷን ይበላል። አሥር ሰዓት ሲሆን ሦስቱን ጨርሳ ነበር። ዴልፊን ጣቷን ሲያይ የራሱን የተጠቀለለ ጣት ከአጠገቡ አደረገው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ረቡዕ ሲደርስ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ውስጥም፣ ሥጋ ቤትም ደርሶ ነበር፤ ኔልያ ራሷን ለወንድ ቤት አቀረበች ተባለ። ሐሙስ ማታ ቲታ ሚላ እራት አቀረበችና ሳትቀመጥ ቀረች።

«አዋረድሽኝ።»

«አንቺ እሱን ስታሠሪው ወግ ነበር፤ እኔ ስሠራ ውርደት ሆነ?»

«እሱ ወንድ ነው።»

«ደማችን ግን አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱንም አይቼዋለሁ።»

ቲታ ሚላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ሲጮህ ከሚያስፈራው ይልቅ ይህ ነበር የሚያስፈራው። «ስሚ። ወግ ካልሽ ወጉ ይኸውልሽ። የልጁ አባት ምግብ አሸክሞ ይህን ደረጃ ይወጣል፤ ከዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠይቀኛል። እስከዚያ የትም አትሄጂም። ገና አልፈላሽም።»

«ፈልቻለሁ እማዬ። ክዳኔን ነው ያላነሣሽው።»

መልእክቱ ለማንግ ሴቬሮ ደረሰ። የሁለቱም ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ አሳንሰር የሌላቸው ባለ አምስት ፎቅ የከተማው ሕንፃዎች፤ ቲታ ሚላ አራተኛ ፎቅ፣ ማንግ ሴቬሮ ፊት ለፊት አምስተኛ ፎቅ። እሳቸው የመለሱት አጭር ነበር። «የእሷን ደረጃ? ጉልበቴን ያመኛል። ባያመኝም አልወጣም።»

የካቲት አለቀ። ኔልያ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እሑድ ክር ስትቀይር ከረመች። ማንግ ሴቬሮ አንድም ቃል አላነጋገሯትም። በአራተኛው እሑድ ግን፣ ስምንቱ ካለቁ በኋላ፣ የራሳቸውን ባንዱሪያ ከሳጥኗ አውጥተው አጠገቧ አስቀመጡና ሄዱ። ኔልያ የዚያችን ክር ከሁሉም ይልቅ ቀስ ብላ ቀየረች።

በዚያች ግማሽ ሰዓት፣ በመጋቢት፣ ዴልፊን አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ሦስት ሳምንት ቀረኝ። አባቴ አይወጡም፣ እናትሽ አይወርዱም። የጋብቻ ወረቀታችንን ፈርመን እንሂድ። ኋላ ይታረቁናል።»

ኔልያ ድስቱን አስቀመጠች። ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ላይ መቆጣት አልፈለገችም፤ ግን ተቆጣች። «ምን ሰርቄ ነው የምሸሸው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጓሮ በር ወጣሁ ዴልፊን። ለሰርጌም በጓሮ በር አልወጣም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«አባትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል አይደል? የእኔ ደኅና ነው።»

ነገሩ ገባውና ፊቱ ተለወጠ። «ኔልያ፣ ሴት ልጅ ወንድ ልትጠይቅ ደረጃ ስትወጣ ታይቶ አይታወቅም።»

«ቅዳሜ ይታያል። ቤት ሁን፣ አባትህንም እንዳይወጡ አድርግ። በዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ።»

«አይሆንም ቢሉሽስ?»

ይህን አስባበት ነበር። አይሆንም ካሉ ሠፈሩ ሁሉ እያየ ድስቷን ይዛ ትወርዳለች፤ ዴልፊን ብቻውን ይሄዳል፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ወንድ ጠይቃ የተመለሰችው ትባላለች። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» አለችው። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልጠነከረም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኔልያ በእናቷ ኩሽና፣ በእናቷ ድስት፣ እናቷ እያየች አዶቦ ሠራች። ኮምጣጤው እስኪፈላ አልነካችውም።

«ለማን ነው?» አለች ቲታ ሚላ።

«ለማንግ ሴቬሮ። ልጃቸውን ልጠይቃቸው ነው።»

ቲታ ሚላ ሳቀች። ከዚያ የልጇን ፊት አይታ መሳቋን ተወች። «ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ብቻሽን? ወላጅ እንደሌለው ሰው?»

«ወላጅማ አለኝ። ደረጃ አይወጣልኝም እንጂ።»

ቲታ ሚላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ኔልያ ጥቂት ጠበቀች። ቲታ ሚላ ሳትዞር ከሩዙ ድስት ሥር እሳቱን ጨመረች። ድስቱን በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች፤ በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ እንባዋ መጣ፣ አራቱን ፎቅ ስትወርድ ግን አደረቀችው።

ግቢው ፀሐያማ ስለነበር ሰው ሁሉ ሰገነቱ ላይ ልብስ ያሰጣል። ቲታ ቤቢ ከሁለተኛ ፎቅ አንገቷን አስግጋ «ድስት ይዘሽ ወዴት ነው ኔልያ?» አለቻት።

«ባል ልጠይቅ፣ ቲታ ቤቢ።» በሁሉም ሰገነት እንዲሰማ አድርጋ ነው የተናገረችው። የቲታ ቤቢ አንሶላ ከእጇ አምልጦ መሬት ወረደ።

አንደኛ ፎቅ። ሁለተኛ ፎቅ። ድስቱ ከበዳት፤ ሦስተኛው ላይ ቆም ስትል ከታች የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማች። ቀጥሎ ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው። ያንን ትንፋሽ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዞር አላለችም፤ ዞር ካለች የምትመለስ መሰላት። እርምጃዋን ብቻ ቀስ አደረገች።

«ድስቱ ወደ ግራ አዘንብሏል። መረቁን ልታፈሺው ነው» አለች ቲታ ሚላ።

ሽርጧን አላወለቀችም። በሁለት እጇ የሩዙን ድስት ይዛለች። «አዶቦ ያለ ሩዝ ይዘሽ ሰው ቤት ልትገቢ? ማን አሳደገሽ?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ልጄ ወላጅ እንደሌላት የማንንም ደረጃ አትወጣም። የመጣሁት ለዚሁ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ።»

«እሺ እማዬ።»

«ከሥሩ አሳርሬዋለሁ። ለልጁ።» ኔልያ አፏን ስትከፍት ቲታ ሚላ ቀደመቻት። «ሠላሳ ዓመት ሩዝ ሳላሳርር የኖርኩ ሴት ከጥቅምት ጀምሮ እሑድ እሑድ ሲያርብኝ ዕውር መሰልኩሽ? ውጪ፣ ሁለት ፎቅ ይቀራል።»

በሩን የከፈተው ዴልፊን ነው። ሁለቱን ሲያይ ግድግዳውን ያዘ። ማንግ ሴቬሮ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ ባንዱሪያቸው ከጭንቅላታቸው በላይ ተሰቅላለች። ከኔልያ በስተኋላ የቆመችውን ሴት አዩ። ከወንበራቸው አልተነሡም።

ኔልያ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። ያጠናችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ማንግ ሴቬሮ፣ ልጅዎን ልጠይቅ መጥቻለሁ። የማቀርበው አንድ ድስት አዶቦና እነዚህን ሁለት እጆች ነው። እጆቼን ያውቋቸዋል።»

ከታች ከግቢው የልጆች ድምፅ ይሰማ ነበር። ማንግ ሴቬሮ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን። «እሱን ይዘሽው ስትሄጂ፣ እኔ ከዚህች እንጨት ጋር ብቻዬን ነው የምቀረው» አሉ። ቁጣ የሚመስለው ነገር ሁሉ ከድምፃቸው ወጥቶ ነበር።

«እኔስ ከማን ጋር የምቀር መሰለህ?» አለች ቲታ ሚላ ከበሩ። «ከድስት ጋር ነው።»

ማንግ ሴቬሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩአት። አሥራ አንድ ዓመት ጀርባዋን ብቻ ያዩት ሴት ፊቷ አርጅቷል፤ የእሳቸውም እንደዚያው። «ቁሙ አላልኳችሁም። ተቀመጡ» አሉ።

ዴልፊን ሳህን ደረደረ። ኔልያ የአዶቦውን ክዳን ስታነሣ እንፋሎቱ ጠረጴዛውን ሸፈነው። ማንም እጁን አልዘረጋም፤ ባለቤቱ ሳይጀምር አይበላም። ማንግ ሴቬሮ ግን ተነሡና ባንዱሪያዋን ከግድግዳው አወረዱ። አንዱን ክር ነካ አድርገው «ሦስተኛው ትንሽ ላልቷል» አሉና አጠበቁት። ከዚያ መጫወት ጀመሩ።

ኔልያ ዜማውን ወዲያው አልለየችውም። የእናቷ ትከሻ ሲደርቅ ነው ያወቀችው። መጀመሪያ ሰው የሚጠራ ይመስላል፤ ቀጥሎ የተጠራው ሰው የመለሰ ይመስላል። ዴልፊን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የእናቱን ዜማ በሕይወቱ መስማቱ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንፋሎቱ እየሳሳ ሄደ። የአዶቦው ስብ በጠርዙ መርጋት ጀመረ።

እኩሌታው ላይ ሲደርሱ የማንግ ሴቬሮ እጅ ቆመ። ኔልያ የዚያን የገና ቀን ሕፃን አልነበረችም፤ ቦታውን አስታወሰችው። ማንግ ሴቬሮ በክሮቹ ላይ እንዳጎነበሱ ወደ ቲታ ሚላ አዩ።

«ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው» አሉ።

ኔልያ ከጠረጴዛው ሥር የዴልፊንን እጅ ያዘች። እናቷ መልስ የማታጣ ሴት ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ ብዙ መልስ ያጠራቅማል። የቲታ ሚላ አንገት ቀላ። የሩዙን ክዳንም አነሣችና ሁለቱን ክዳኖች ራቅ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ይቀዝቅዝ» አለች። «ጨርሰው።»

ማንግ ሴቬሮ መምቻቸውን አስተካክለው ካቆሙበት ቀጠሉ። ቀሪው እኩሌታ ከመጀመሪያው ይረዝም ነበር፤ እስኪያልቅ ድረስ ቲታ ሚላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳህኑን አንዴም ሳታይ አዳመጠች። መጨረሻው ላይ ፊቷን በሽርጧ ጠረገች። ማንግ ሴቬሮ ባንዱሪያዋን ጠረጴዛው ላይ፣ ከድስቱ አጠገብ አስቀመጡና ወደ ኔልያ ዞሩ።

«አቅርቢ እንግዲህ፣ ልጄ» አሏት።

ኔልያ ያረረውን ለዴልፊን አወጣችለት፤ ለሌሎቹም በየሳህናቸው አደረገች። አዶቦው ጨርሶ ቀዝቅዞ ነበር። ይሙቅ ያለ ሰው ግን አልነበረም።